በተርቦ ናፍጣ የመስክ ተሽከርካሪዎች ላይ የአየር መሳቢያንና ስኖርክልን ስለማሻሻል

ይህ ጽሑፍ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ተርቦ ናፍጣ ተሽከርካሪ ላላቸው ባለንብረቶች፣ ለመስክ ሥራ አሽከርካሪዎችና ለተቋማት የስምሪት ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ በእጅ ያለውን የናፍጣ ሞተር ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ሞተርን ያለ ጊዜው ከሚገድሉት ነገሮች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም ውሃና አቧራ፣ የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ እርሱም የአየር መሳቢያው ነው።

መጠኑ 2.8 ሊትር የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ተርቦ ባይኖረው እንኳ፣ በደቂቃ ወደ 4,200 ሊትር አየር ይስባል። ተርቦው በሙሉ ኃይል ሲሠራ መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአብዛኞቹ ፒክአፖችና የመስክ መኪኖች ይህ ሁሉ አየር የሚገባው በፓራፋንጎ ውስጥ ወይም በኮፈን ሥር ከተደበቀ አንድ አፍ ነው። ስኖርክል ይህንን አፍ በፊት መስታወቱ ምሰሶ ጎን እስከ ጣሪያ ከፍታ የሚያደርስ ቱቦ ነው።

ውሃ ሲገባ የሚደርሰው ጉዳት

ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ከላይ በተጠቀሰው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እያንዳንዱ ፒስተን የሚጠርገው መጠን 700 ሚሊ ሊትር ነው። የማመቅ ምጣኔው 16 ለ 1 ከሆነ፣ ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍት ቦታ 47 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል። ከዚህ የበለጠ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ክራንክ ሻፍቱ ግን በመዞር ላይ ስለሆነ በመካከል ያለው ቢየላ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። የናፍጣ ሞተር የማመቅ ምጣኔ ከቤንዚን ሞተር ከፍ ያለ በመሆኑ ለዚህ ጉዳት የበለጠ የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ በክረምት ወራት በጋምቤላ፣ በሶማሌና በአፋር ቆላማ አካባቢዎች ጎርፍ የሚያቋርጡ ተሽከርካሪዎች ስኖርክል ቢኖራቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስኖርክል ያለው መኪና ሁሉ ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ተገጥመው የሚመጡ አንዳንድ ከፍ ያሉ የአየር መሳቢያዎች የተሠሩት አቧራ ለመቀነስ ብቻ ነው። መጋጠሚያዎቻቸው ውሃ እንዳያስገቡ ሆነው አልታሸጉም። ባለንብረቱ ይህንን ሳያውቅ በቱቦው ተማምኖ ወንዝ ከገባ፣ ስኖርክል ከሌለውና ከሚጠነቀቅ አሽከርካሪ የባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አቧራና ከፍታ

በአገራችን ከውሃ ይልቅ ሞተርን በየቀኑ የሚበላው አቧራ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘው ልም አፈር በጥርጊያ መንገድ ላይ ሲነሣ ከጎማ ከፍታ አጠገብ እጅግ ጥቅጥቅ ይላል፤ ወደ ጣሪያ ሲጠጋ ግን ይሳሳል። ከፍ ያለ መሳቢያ የአየር ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) ዕድሜ የሚያራዝመው በዚህ ምክንያት ነው። በሰልፍ ለሚጓዙ ተሽከርካሪዎች ግን ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሣው አቧራ ጣሪያ ላይም ስለሚደርስ፣ የስኖርክሉን ራስ ወደ ኋላ ማዞር ወይም አየሩን አሽከርክሮ አቧራውን በሚለይ ቅድመ ማጣሪያ መተካት ይሻላል። ወደ ፊት የሚመለከተው ራስ በጀርባው የዝናብ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል፤ እነዚህን ቀዳዳዎች ጉድለት መስሏቸው በሲሊኮን የሚደፍኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው።

ብዙም የማይነገረው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው ተርቦ የጎደለውን ለማካካስ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል። በዚህ ላይ ጠባብ ወይም በብዙ ቦታ የታጠፈ ቱቦ ከተገጠመ፣ ተርቦው በገለባ አየር እንደሚስብ ይሆናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ የተርቦውም ኩሽኔት ቶሎ ያልቃል። በዝቅተኛ አገር ችግር የማይፈጥር ስኖርክል በደብረ ብርሃን ወይም በጎባ ዳገት ላይ ጉድለቱ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስኖርክል የሞተር ኃይል ይጨምራል የሚለውን የሻጮች አባባል በተመለከተ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነፋሱ ወደ ቱቦው አፍ የሚያሳድረው ተጨማሪ ግፊት ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሲባል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ምርጫና ገጠማ

ለመግዛት ሲታሰብ አስቀድሞ የፋብሪካው መሳቢያ ጠባብ ቦታ ይለካ። የስኖርክሉ ውስጣዊ ስፋት ከዚያ ማነስ የለበትም። ለሞዴሉ ተለይቶ የተሠራ፣ ፀሐይ የማይሰነጥቀው የፖሊኢትሊን ቱቦ ይመረጣል። በአንዳንድ ጋራዦች ከውሃ ማስተላለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ ሆኖም በሞተሩ ሙቀት ይለሰልሳል፣ በመሳቡ ኃይልም ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። የተጨማደደ ቱቦ አየር ይዘጋል፤ የተሰበረ ቁራጭ ደግሞ ወደ ማጣሪያው ሳጥን ሊገባ ይችላል።

ፓራፋንጎውን የሚበሳው ባለሙያ የተቆረጠውን ጠርዝ በፀረ ዝገት ቀለም መቀባቱንና የብረት ብናኙን ማጽዳቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ዋናው ሥራ ያለው ከውጪ በማይታየው ክፍል ነው፦ ስኖርክሉ ከማጣሪያው ሳጥን ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በሳጥኑ ክዳን ጎማ፣ ከሳጥኑ እስከ ተርቦው ባለው ላስቲክ ቱቦና ማጥበቂያዎቹ ላይ። በሳጥኑ ሥር አቧራና ውሃ የሚጥል ቀዳዳ በብዙ ሞዴሎች ይገኛል፤ ቀዳዳው ክፍት እንደሆነ ከቀረ ውሃ ከሥር ይገባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈት የላስቲክ አፍ መተካት ይኖርበታል።

የገጠማውን ጥራት ለማረጋገጥ ሞተሩ ሳይረገጥ በዝግታ እየሠራ ሳለ የስኖርክሉ አፍ በላስቲክ በተለበጠ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዘጋል። በሚገባ የታሸገ ከሆነ ሞተሩ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። መሥራቱን ከቀጠለ አየር የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ አለ፤ አየር የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ውሃም ያስገባል። ሙከራው በእጅ መዳፍ እንዳይደረግ፣ ሞተሩም እየተረገጠ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይደረግ። ባለንብረቱ ጋራዡን ከመልቀቁ በፊት ይህ በፊቱ እንዲደረግ የመጠየቅ መብት አለው፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ በሥራው ያልተማመነ ነው።

ስለ ማጣሪያው ጥቂት ማለት ይገባል። ማጣሪያን በኮምፕሬሰር ኃይለኛ አየር መንፋት በየመኪና እጥበቱ የተለመደ ቢሆንም በወረቀቱ ላይ ዓይን የማያያቸውን ቀዳዳዎች ይከፍታል። የግድ ከሆነ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ይነፋ። ዘይት የሚቀባ የጥጥ ማጣሪያ ደግሞ ዘይቱ ከበዛ የአየር መጠን መለኪያውን ሴንሰር ያበላሻል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ የአምራቹን የወረቀት ማጣሪያ ከተለመደው ቀደም ብሎ መለወጥ ከሁሉም የሚሻል ነው።

ስኖርክል የማይከላከላቸው

አምራቾች ለመስክ ተሽከርካሪዎች የሚፈቅዱት የውሃ ጥልቀት በአብዛኛው ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ነው። ስኖርክል መግጠም ይህንን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። ዲፈረንሻሉና ካምቢዮው ሞቀው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው በመተንፈሻ ቱቦዎቻቸው ውሃ ይስባሉ፤ ስለዚህ መተንፈሻዎቹም አብረው ወደ ላይ ሊነሡ ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመሮችም እንደተጋለጡ ይቀራሉ። የሚፈስ ውሃ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኞቹን መኪኖች ይዞ ሊሄድ ይችላል። የወንዙ ወለል ካልታወቀና ውሃው ከደፈረሰ መጠበቅ ይገባል።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ሞተሪኖውን ደግሞ መምታት ፈጽሞ ክልክል ነው። መኪናው ተጎትቶ ከወጣ በኋላ የማጣሪያው ሳጥን ይከፈት። ማጣሪያው እርጥብ ከሆነ ባለሙያ ኢንጀክተሮቹን ወይም ካንዴሌታዎቹን ፈትቶ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ውሃውን እስኪያስወጣ ድረስ አይነሣም። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይትም ይታይ፤ ወተት እንደገባበት ቡና ከነጣ ውሃ ስለገባበት ወዲያው ይለወጣል።

ምርመራና መድን

ተሽከርካሪዎች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ስኖርክል ለመግጠም የተሽከርካሪውን አካል መቁረጥ ስለሚያስፈልግ፣ ባለንብረቱ ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ሊብሬውን ይዞ ተሽከርካሪው በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ በኋላ ከሚመጣ መጉላላት ይድናል። ቱቦው የአሽከርካሪውን እይታ መከለል ወይም ከአካሉ ውጪ ስለት ባለው ሁኔታ መውጣት የለበትም። የዕቃው ዓይነትና የጋራዡ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። የሙሉ ሽፋን መድን ያላቸው ባለንብረቶች፣ ውሃ ወደ ሞተር ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት በውላቸው ውስጥ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ክረምት ከመግባቱ በፊት ከመድን ሰጪያቸው በጽሑፍ ሊያረጋግጡ ይገባል።