«አብሮ ማቆየት»፦ ለኮሆርቲንግ የአማርኛ ስም

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኝ ጊዜ ሰውን መለየት በአማርኛ ስም አያጣም። ለበሽታው ተጋልጦ ገና ያልታመመው የሚሰነብትበት «ለይቶ ማቆያ»፣ የታመመው የሚተኛበት «ለይቶ ማከሚያ» ነው፤ ኮሮና አስለምዶናል። በአንድ ዓይነት በሽታ መያዛቸው የተረጋገጠ ሰዎችን አንድ ላይ የማኖር ዘዴ ግን ስም ሳይወጣለት ቀረ። የሕክምና ሰዎች ኮሆርቲንግ ይሉታል። የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ የኮቪድ ማከሚያ በሆነ ጊዜ የተሠራበት ይኸው ዘዴ ነው።

«ማቧደን» ለቃሉ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ፖለቲካ ፖለቲካ ይሸታል። «መመደብም» ፈተና ያለፈ ተማሪ ያስመስላል። እኔ «አብሮ ማቆየት» እላለሁ፤ ከለይቶ ማቆየት ጎን ሲቆም ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ዘዴው የሚፈለገው ክፍል ሲያጥር ነው። ለምሳሌ በካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ራንድልና ካናናስኪስ በተባሉት የተማሪ መኖሪያዎች መታጠቢያና መጸዳጃው የጋራ ነው። በአንዱ ፎቅ ኖሮቫይረስ፣ ማለትም ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ቫይረስ፣ ገባ እንበል። ለእያንዳንዱ ታማሚ የግል መጸዳጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አንዱ መጸዳጃ ለታመሙት ብቻ ይተዋል፣ ምግባቸው በር ላይ ይቀመጥላቸዋል፣ ትውከቱና ተቅማጡ ከቆመ በኋላም 48 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጋራ መመገቢያው አይመለሱም። እጅ የሚታጠበው በውኃና በሳሙና ነው፤ አልኮሉ ለዚህ ቫይረስ እምብዛም አይረዳም።

ከባዱ ነገር «የተረጋገጠ» የምትለዋ ቃል ናት። ሁሉም አተኮሳቸው ተብሎ ኢንፍሉዌንዛ የያዘውን ከኮቪድ ታማሚ ጋር ማስተኛት ሁለቱንም በሁለት በሽታ ማስያዝ ነው። ያልታመመውን የክፍል ጓደኛ «መቼም ሳይዘው አልቀረም» ብሎ ከታመሙት ጋር መጨመርም ያው ስህተት ነው፤ ላይዘው ይችላልና። ጆሮ ደግፍን እንውሰድ። እብጠቱ ከመታየቱ 2 ቀን ያህል ቀድሞ ይተላለፋል፤ የተጋለጠው ላይ ምልክቱ የሚወጣው ደግሞ ከ12 እስከ 25 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለተጋለጠው ልጅ የሚያስፈልገው ክትትልና ክትባቱ መሟላቱን ማየት እንጂ የበሽተኛ አልጋ አይደለም።

ጆሮ ደግፍን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አልበርታ ውስጥ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አዳርሶ ነበር፣ ክፍለ ሀገሩም ለተማሪዎች ተጨማሪ ክትባት ሰጥቷል። በ2025 ደግሞ ኩፍኝ በአልበርታ ከ1,800 በላይ ሰው ያዘ፤ ካናዳም በዚያው ዓመት ኅዳር «ኩፍኝን ያጠፋች አገር» መባሏን አጣች።

ይህ ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች የራሱ ትርጉም አለው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስለዚህ ዛሬ ዶርም የሚገባ፣ አገር ቤት የተወለደ ወጣት በሕፃንነቱ አንዱን ብቻ ተከትቦ ሊሆን ይችላል። የጆሮ ደግፍ ክትባትማ በዚያ መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረም። ሁለቱንም በሽታዎች ከጀርመን ኩፍኝ ጋር አንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት በአልበርታ በነፃ ይሰጣል። የክትባት ካርዱ ከጠፋ ደግሞ እንደገና መከተብ ጉዳት የለውም፤ ክትባቱ ልጁ ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ቢጠናቀቅ ይሻላል።