መፋቂያ፣ ጨውና ብሩሽ፦ የጥርስ ማጽጃ ታሪክ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

በሬዲዮ ያቀረብነውን የጤና ትምህርት ላልሰማችሁትና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ በዚህች ወረቀት አትመነዋል። ርዕሳችን የጥርስ ንጽሕና ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅርቡ አንዲት አያት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። የልጁ የፊት ጥርሶች ተበልተው ጠቁረዋል፤ ሌሊቱንም ሲያለቅስ ያድራል። ገና ሳልጠይቃቸው፣ «ብሩሽና የጥርስ ሳሙና መግዣ የለንም፤ ምን እናድርግ ልጄ?» አሉኝ። «እርስዎስ በምን ያጸዳሉ?» ብላቸው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አንዲት መፋቂያ አሳዩኝ። «የድሮ ነገር ናት ብዬ ነው የደበቅኋት» አሉ።

እማማ ሊያፍሩባት አይገባም ነበር። የመፋቂያን ታሪክ የማወራችሁም ለዚህ ነው።

ወደ ጅቡቲ ከተማ የወረደ ሰው በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ያለውን ገበያ ያውቀዋል። እዚያ አጫጭር እንጨቶች ታስረው ይሸጣሉ። ሶማሌዎች «አደይ»፣ አፋሮች «አዳይቶ»፣ ዓረቦች «ሲዋክ» ይሉታል። ዛፉ በረሃ የማይበግረው ነው፤ በጅቡቲም፣ በአፋርና በሶማሌ ቆላም ይበቅላል። ነቢዩ መሐመድ አፍን በሲዋክ ማጽዳትን አጥብቀው ማበረታታቸው በሐዲስ ተጽፏል። በደጋው ሀገራችን ደግሞ ሕዝቡ ከወይራ፣ ከክትክታና ከልምጭ መፋቂያ ይቆርጣል። በህንድ ኒም የሚባለውን፣ እዚህ ጅቡቲም ለጥላ የሚተከለውን ዛፍ ቅርንጫፍ ያኝካሉ። ቆላና ደጋ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይባባሉ ሁሉም ወደ አንድ ብልሃት ደርሰዋል።

ብሩሽስ ከየት መጣ? ከአሳማ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ በቻይና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በእንግሊዝ ሀገር የብሩሽ ፋብሪካ ያቋቋመው ሰው ዊልያም አዲስ ይባላል፤ ስሙ አዲስ ቢሆንም የእኛ ሰው አይደለም። በ1780 ገደማ እስር ቤት ሳለ ከምግቡ የተረፈ አጥንት በስቶ፣ ፀጉር ሰክቶበት የመጀመሪያውን ብሩሽ እንደሠራ ይነገርለታል። የናይለን ብሩሽ የወጣው በ1938 ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ብሩሽ ታሪኩ በእጅ ባለ ነገር ከመጠቀም የተጀመረ ነው ማለት ነው።

መፋቂያችን በጥናትም ተፈትኗል። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ1978 የታተመ ጥናት፣ ልጆቹ በሚገባ ከተማሩ በመፋቂያም ከብሩሽ ባላነሰ ሁኔታ ጥርሳቸውን እንደሚያጸዱ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ መፋቂያ በሚገኝባቸው ሀገሮች ሕዝቡ እንዲጠቀምበት አበረታቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ዝልግልግ ቆሻሻ የሚያነሣው መፈተጉ ነው። ሳሙናው አጋዥ ነው።

ታዲያ አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ጥርሳቸው ሲጠነክር የእኛ ልጆች ጥርስ ለምን ተበላ? አንዱ ምክንያት ስኳር ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው ትልቅ የስኳር ፋብሪካ፣ ወንጂ፣ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት ስኳር እንደ ዛሬው በየቤቱ አልነበረም። አሁን ግን ሻሂው በስኳር ይጠጣል፤ ሕፃኑም ጣፋጭ ሻሂ በጡጦ ይዞ ይተኛል። በአፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርስን ይበላል። የእማማም የልጅ ልጅ ነገር ይኸው ነበር።

ሳሙናም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ሰዎች ጥርሳቸውን በጨው፣ በኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ በከሰልና በተፈጨ ጡብ ሳይቀር ይፈትጉ ነበር። በቱቦ የሚሸጠው ሳሙና የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ለገበያ መቅረቡ ነው። ፍሎራይድ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል። በቤት የምንሠራው ሳሙና ይህን አይተካም። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ ውድ ብሩሽ ከመግዛት ፍሎራይድ ያለበትን አንድ ቱቦ መግዛት ይሻላል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከፍ ላለ ልጅ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። በመፋቂያ ጫፍ ላይ አድርጎ መጠቀምም ይቻላል። ከጨረሳችሁ በኋላ ትፉት እንጂ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ፤ መድኃኒቱ ጥርስ ላይ ይቆያል፣ ውኃም ይተርፋል።

መፋቂያ ስታዘጋጁ፦
የትንሽ ጣት ውፍረትና አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው እርጥብ እንጨት ቁረጡ፤ እጠቡት። ጫፉን ግማሽ አንጓ ያህል ልጣችሁ እንደ ብሩሽ እስኪበተን አኝኩት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ፈትጉ። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ፍቆ ይተዋል፤ የውስጡንና የመንጋጋውን አትርሱ። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጣችሁ አዲስ አውጡ። ድድ ስለሚደማ በሽታ ይተላለፋልና መፋቂያ አትዋዋሱ። የማታውቁትን እንጨት፣ በተለይም እንደ ቅንጭብና ጦቢያው ነጭ ወተት የሚያወጣውን፣ ፈጽሞ ወደ አፋችሁ አታስገቡ።

ሳሙና ከሌለ፦
አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር የደቀቀ ጨው ቀላቅላችሁ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ሲያስፈልግ ጥቂቱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አርሳችሁ ተጠቀሙና ትፉት። የአሳል ሐይቅ ጨው ቅርብ ነው፤ ግን ፍሬው ሻካራ ስለሆነ ሳይደቅ አይነካ። ድድ ለቆሰለበት ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ ይረዳል። ከሰል፣ አመድና አሸዋ ጥርስን ይሞርዳሉ፤ ሎሚም አሲድ ነው። ተማሪ ሳለሁ ጥርሴ እንዲነጣ ብዬ ከሰልና ሎሚ ሞክሬ ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ለወራት ያንዘረዝረኝ ነበር።

ለሕፃናት፦
የመጀመሪያዋ ጥርስ ስትወጣ ጀምሮ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በጣት ጠቅልላችሁ ጥረጉላቸው። ማታ ከተጸዳ በኋላ ከውኃና ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥ። ፊቱ ያበጠ ወይም ከጥርስ ሕመም ጋር ያተኮሰው ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

የእማማ ልጅ የተበሉት ጥርሶቹ ታክመውለታል። ሌሎቹን ለማዳን ግን ሕክምና ብቻ አይበቃም። አያትየው ጡጦውን ነጥቀው በምትኩ ውኃ በጽዋ ይሰጡታል፤ ማታ ማታም ጎን ለጎን ተቀምጠው እሳቸው በመፋቂያቸው፣ እሱ በጨርቁ ያጸዳሉ። መፋቂያዋም ከቋጠሮ ወጥታ በግልጽ ተሰቅላለች።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ እንዲሁ ጀምሩ። ለሳምንት በሌላ የጤና ርዕስ እስክንገናኝ በጤና ቆዩን።