የእንግሊዝና የአሜሪካ ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ

ባለፈው ዓመት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስናመሽ ስለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ክርክር ተነሥቶ፣ አንዱ «የእንግሊዝን የሚያህል የለም» ሲል ሌላው «የአሜሪካ ይበልጣል» ብሎ ሳይስማሙ ተለያዩ። እኔም አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ ጻፍኩ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አደኑን እንይ። በእንግሊዝ አገር ወፍ ማደን የባለ ርስት ነገር ነበር። እስከ 1831 ድረስ በቂ ርስት የሌለው ሰው የአደን ወፍ እንዲገድል ሕግ አይፈቅድለትም። በዚያ ዓመት ፈቃድ ለሚገዛ ሁሉ ተፈቀደ፤ መሬቱ ግን ያው የጌቶቹ ነው። ጌታው በስኮትላንድ ደጋ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አባራሪዎች ግራውስ የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ እየነዱ ያመጡለታል። በአንዱ ጠመንጃ ሲተኩስ አሽከሩ ሁለተኛውን ያጎርሳል። አሜሪካዊው ግን ውሻውን አስቀድሞ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ድርጭት ሲፈልግ ይውላል።

እንግዲህ ብዙ የሚሄደው ሰው ቀላሉን ይይዛል ብንል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዙ 12 ቁጥር ጠመንጃ 3 ኪሎ ያህል ሲሆን የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ለምን ቢሉ፣ እንግሊዛዊው በቀን ብዙ ስለሚተኩስ ጥይቱ 30 ግራም ያህል ርሳስ ብቻ የያዘ ነው፤ ለቀላል ጥይት ቀላል ጠመንጃ ይበቃል። የአሜሪካ ገበሬ ግን ሁለት ሦስት ጠመንጃ ከየት ያመጣል? ጠዋት ድርጭት በመታባት ማታ ዳክዬ ይመታባታል። ለዳክዬ ጠንካራ ጥይት ያስፈልጋልና ብረቱ ወፍራም ሆነ።

አሠራሩም ይለያል። በለንደን፣ በ1814 የተቋቋመው ፐርዲ ጠመንጃውን ልብስ ሰፊ እንደሚለካ በገዢው ክንድና ትከሻ ልክ ይሠራል። በአሜሪካ የሜሪደኑ ፓርከርና የፊላደልፊያው ፎክስ በመኪና ብዙ ስለሚሠሩ ዝቅተኛውን ደረጃ ተራ ሰው ሊገዛ ይችል ነበር። ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጡ ለወፍ ፎክስ፣ ለትልቅ አውሬ የእንግሊዙን ሆላንድ ይዘው ነበር። እርሳቸውም ክርክሩን አልፈቱትም ማለት ነው! በኋላ ርካሹ ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃ ገበያውን ወሰደውና ፎክስ በ1929፣ ፓርከር በ1934 ለሌላ ኩባንያ ተሸጡ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በእግሩ ለሚያድን ሰው የእንግሊዙ ይሻላል፤ ለኪስ ግን የአሜሪካው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ቀልድ አይደለም። የድሮው የእንግሊዝ ጠመንጃ ማጉረሻ አብዛኛውን ጊዜ ለ65 ሚሊሜትር ጥይት የተሠራ ነው። የዛሬው 70 ሚሊሜትር ጥይት ይገባለታል፤ ሲተኮስ ግን የጥይቱ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ስለሚጠብበው ግፊቱ ከልክ ያልፋል። በእንግሊዝ አገር ጠመንጃ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በለንደን ወይም በበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል፤ በአሜሪካ ግን ፋብሪካው ራሱ ነው የሚፈትነው። ስለዚህ የአባቱን ጠመንጃ የወረሰ ሰው አንዲት ጥይት ከማጉረሱ በፊት ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ማኅተም ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳይ።