የጭነት ሰነድ እንዴት የዕቃው ምትክ ሊሆን ቻለ

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራበት አንድ ፕሮጀክት ከባሕር ማዶ የታዘዘ ፓምፕ ደርሶ ሳጥኑ ሲከፈት፣ ሞተሩ ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መሥመር 50 ኸርትዝ መሆኑን ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። ሰነዶቹ ግን አንዳች እንከን አልነበረባቸውም፤ ባንኩም ሒሳቡን ከከፈለ ሰንብቷል። ባንኩ ስለ ምን ከፈለ? መልሱ የሚገኘው በሰነዱ ታሪክ ውስጥ ነው።

ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ሲጀመር ተራ ደረሰኝ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በሜዲትራንያን ባሕር የሚነግዱ ሰዎች ከዕቃቸው ጋር ይሳፈሩ ስለነበር፣ የመርከቡ ጸሐፊ በመዝገብ የሚያሰፍረው ይበቃቸው ነበር። ነጋዴው አገሩ ተቀምጦ ዕቃውን ብቻ መላክ ሲጀምር ግን የመዝገቡ ግልባጭ በእጁ እንዲሰጠው ግድ ሆነ። በኋላም የማጓጓዣው ውል ቃል በዚሁ ወረቀት ላይ ተጨመረ። ሦስተኛውን ተግባር፣ ይኸውም ወረቀቱን የያዘ ሰው ዕቃውን እንደያዘ መቆጠሩን፣ ያስገኘው የነጋዴዎች ልማድ ነው እንጂ የሕግ አውጪ ድንጋጌ አይደለም።

ልማዱ የተፈተነው በእንግሊዝ አገር በሊክባሮና በሜሰን ክርክር ነው። ተሪንግ የተባለ የሚድልበርግ ነጋዴ ለሮተርዳሙ ፍሪማን የሸጠውን እህል ወደ ሊቨርፑል ጫነ። የመርከቡ አዛዥ አራት ቅጂዎች ፈረመ፤ ሁለቱ ለፍሪማን ተላኩ፣ አንዱን ተሪንግ አስቀረ፣ አንዱም ከአዛዡ ዘንድ ቀረ። ፍሪማን የእህሉን ዋጋ ሳይከፍል ቅጂዎቹን ለሊክባሮ አስተላለፈና ከሰረ። ሊክባሮ በወረቀቱ ተማምኖ ገንዘብ አውጥቷል፤ ተሪንግ ደግሞ ያስቀረውን ቅጂ ለሜሰን ልኮ እህሉን አስረከበው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1787 ለሊክባሮ ፈረደ፤ በ1790 ፍርዱ ተሻረ፤ በ1794 ግን ልዩ ጁሪ ሰነዱ በጀርባው ተፈርሞበት ሲተላለፍ የዕቃው ባለቤትነትም አብሮ እንደሚተላለፍ የነጋዴዎች ልማድ መሆኑን አረጋገጠ።

ወረቀቱ እንዲህ የዕቃው ምትክ በመሆኑ ባንክ መጋዘን ሳይኖረው በዕቃ መያዣነት ማበደር ቻለ። ሌተር ኦፍ ክሬዲትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣውና በ2007 ባሻሻለው ደንብ መሠረት፣ ባንኩ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ኢንቮይሱ ዋጋውን፣ የማሸጊያ ዝርዝሩ የየሳጥኑን ይዘት፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱም ዕቃው የተመረተበትን አገር ይናገራሉ። የመርከቡ አዛዥ የሚመሰክረው ሳጥኑ ከውጭ ሲታይ ደኅና መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ ውስጡ «ላኪው እንደገለጸው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ኸርትዙን የሚጠይቅ የለም፤ ከመጫኑ በፊት የሚሰጥ የምርመራ ምስክር ወረቀት ከነዝርዝሩ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ውስጥ ካልተጻፈ በስተቀር። ይህን ዝርዝር ለግዢ ክፍል ጸሐፊ መተዋችን፣ በእኔ አስተያየት፣ የእኛው የመሐንዲሶች ጥፋት ነው።

የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ በኤሌክትሮኒክ የተዘጋጀ የንግድ ሰነድም እንደ ወረቀቱ እንዲጸና ፈቅዷል። ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ፣ ሰነዱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባለመብት በላይ ሊያዝበት የማይችል እንዲሆን ነው፤ የተሪንግ አራት ቅጂዎች ያስነሡት ጥያቄ ነው።