የኒኮስ ጋሊስ የስፖርት ታሪክ

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ጥንታዊት ግሪክ ስንማር የኦሎምፒያን ጨዋታ፥ የሯጮቹንና የታጋዮቹን ዝና እንሰማለን። ዛሬ ግን ለውድ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈለግነው በቅርብ ዘመን በግሪክ ስለ ገነነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ኒኮስ ጋሊስ ነው። ታሪኩን የመረጥነው አንድ ሰው በትጋቱ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል፥ ደግሞም የባልንጀሮቹ ርዳታ የቱ ላይ እንደሚያስፈልገው ስለሚያሳይ ነው።

ጋሊስ የተወለደው በ1957 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፥ በኒው ጀርሲ፥ በዩኒየን ሲቲ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከግሪክ ደሴቶች የተሰደዱ ድኆች ነበሩ። በልጅነቱ ቦክስ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን እናቱ ጉዳት እንዳያገኘው ፈርታ አስጣለችው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቅርጫት ኳስ አዘነበለና በሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ በመጨረሻው ዓመት በየጨዋታው በአማካይ 27.5 ነጥብ አገባ። በ1979 የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን መረጠው፤ ሆኖም በልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ስለ ተጎዳ ሳይቀጠር ቀረ።

በዚያው ዓመት ወደ ወላጆቹ አገር ተሻግሮ በተሰሎንቄ ከተማ ለአሪስ ቡድን ተሰለፈ። ቁመቱ 1.83 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ከረጃጅሞቹ መካከል አጭር ነበር። ነገር ግን በፍጥነቱና በዝላዩ መካከላቸውን ሰንጥቆ እየገባ ኳሷን ከቅርጫቱ ያገናኛት ነበር። አሪስም ከእርሱ ጋር 8 ጊዜ የግሪክ ሻምፒዮን ሆነ፤ 6 ጊዜም የአገሩን ዋንጫ ወሰደ።

ትልቁ ቀን ግን ሰኔ 14 ቀን 1987 ነበር። እስከዚያ ድረስ ግሪክ በኤውሮፓ ሻምፒዮና ያገኘችው በ1949 ካይሮ ላይ የተሸለመችውን የነሐስ ሜዳልያ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን በፒሬዎስ በሰላምና ወዳጅነት አዳራሽ ከኃያሏ ሶቪየት ኅብረት ጋር ገጠመች። መደበኛው ሰዓት 89 ለ89 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓትም 101 ለ101 እንደ ሆኑ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩ ካምቡሪስ የተባለው ተጫዋች 2 የቅጣት ኳሶች አግብቶ ግሪክ 103 ለ101 አሸነፈች። ጋሊስ ብቻውን 40 ነጥብ አግብቶ ነበር፤ ሆኖም ድሉን ያጸናው የባልንጀራው እጅ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ የግሪክ ልጆች በየሰፈሩ ይህን ጨዋታ ያዘወትሩ ጀመር።

ዕድል ግን ሁልጊዜ አልቀናውም። በ1989 ግሪክ በዩጎዝላቪያ ተሸንፋ 2ኛ ወጣች። አሪስም ከ1988 እስከ 1990 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከኤውሮፓ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ ቢሆንም ዋንጫውን አላገኘም። ጋሊስ በ1992 ወደ ፓናቲናይኮስ ተዛወረ፤ በ1994 ከቋሚዎቹ ተሰላፊዎች ውጭ ስለ ተደረገ ቅር ብሎት ጨዋታውን ተወ። አሰነባበቱ ለዝናው የሚገባ አልነበረም።

ይሁን እንጂ አገሩ አልረሳችውም። በ2004 የአቴና ኦሎምፒክ ሲከፈት ችቦውን ይዞ ወደ ስታዲዮሙ የገባው እርሱ ነበር። በ2016 በአቴና የሚገኘው የኦሎምፒክ አዳራሽ በስሙ ተጠራ፤ በ2017ም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ታላላቆች መዝገብ ውስጥ ስሙ ገባ። በወጣትነቱ ሳይቀጠርባት የቀረችው አገር በመጨረሻ አከበረችው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ በር ሲዘጋ ተስፋ አለመቁረጥን፥ ብርቱ የሆነም ሰው ቢሆን ባልንጀሮቹን አለመናቅን ነው።