የሆላንድ መታወቂያ ወረቀትና የግል ነፃነት

እ.ኤ.አ. በማርች 1940 የሆላንድ መንግሥት አንድ የቀረበለትን ሐሳብ ሳይቀበለው ቀረ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ዜጋ የመታወቂያ ወረቀት እንዲይዝ በሕግ ይገደድ የሚል ሲሆን፣ አቅራቢውም የሕዝብ መዝገብ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ያኮብ ሌንትስ ነበር። መንግሥቱ የሰጠው ምክንያት፣ ወንጀል ያልሠራውን ሕዝብ በሙሉ እንደ ተጠርጣሪ መቁጠር ከአገሪቱ ልማድ ጋር አይስማማም የሚል ነበር። ሁለት ወር ሳይቆይ የናዚ ጀርመን ጦር አገሪቱን ወረረ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ወራሪዎቹ የሌንትስን ዕቅድ በደስታ ተቀበሉት። በ1941 መታደል የጀመረው ወረቀት ፎቶግራፍ፣ ፊርማና የጣት አሻራ የያዘ፣ በወረቀቱ ውስጥ ስውር ምልክት ያለበት፣ ቀለሙም በልዩ መብራት ሲታይ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይ በመሆኑ፣ አስመስሎ መሥራቱ እጅግ አዳጋች ሆነ። ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ይህንኑ ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ። በአይሁድ ወረቀት ላይ «ጄ» የሚለው ፊደል ጎልቶ ታተመ። ከምህንድስና አንፃር ሲታይ ሥራው የሚደነቅ ነው፤ አሳሳቢነቱም እዚሁ ላይ ነው። ሌንትስን ያስጨነቀው የወረቀቱ ጥራት እንጂ ወረቀቱን ማን፣ በማን ላይ እንደሚጠቀምበት አልነበረም።

ከወረቀቱም ይበልጥ የሚያስፈራው ከበስተኋላው ያለው መዝገብ ነበር። ሐሰተኛ ወረቀት የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢሠሩት፣ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ይጋለጣል። ይህን የተረዱ አርበኞች፣ ሠዓሊው ቪለም አሮንዴዩስና ቀራጩ ኼሪት ፋን ደር ፌን የሚገኙባቸው፣ ማርች 27 ቀን 1943 ሌሊት የፖሊስ ልብስ ለብሰው ወደ አምስተርዳም መዝገብ ቤት ገቡ። ዘበኞቹን በመርፌ አስተኝተው፣ ካርዶቹን ከየመሳቢያው አውጥተው ከከመሩ በኋላ ፈንጂ አፈነዱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆን ብለው ዘግይተው ደረሱ፤ ከደረሱም በኋላ እሳት ያልነካውን ውኃ እንዲያበላሸው ያለ ቁጥብነት ረጩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የጠፋው ከካርዶቹ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጁላይ 1 ቀን አሮንዴዩስን ጨምሮ 12 ሰዎች ተረሸኑ።

በሄግ ከተማ ክሌይካምፕ በተባለው ሕንፃ የተቀመጠው ማዕከላዊ መዝገብ ግን በፈንጂ ሰርጎ የሚገባበት ስላልነበረ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1944 የእንግሊዝ አየር ኃይል በ6 አውሮፕላኖች ደበደበው። በሥራ ላይ የነበሩ ከ50 የማያንሱ የአገሪቱ ተወላጆችም አብረው አለቁ። ድብደባው ለብዙዎች የዘገየ ነበር፤ ከ140,000 ያህል የሆላንድ አይሁድ በጦርነቱ ዘመን ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገድለዋል። ለዚህ ተጠያቂው ወረቀቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ባቡሩም፣ ፖሊሱም፣ ታዛዡ ሹምም ነበሩበት። ሆኖም ሁሉም የተመሩት በስም ዝርዝር ነው።

ሌንትስ ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ነገሩ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ በሆላንድ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ሁሉ ሲጠየቅ መታወቂያ እንዲያሳይ በሕግ ተደነገገ። በ2009 ደግሞ ፓስፖርትና መታወቂያ ለሚያወጡ ሁሉ የጣት አሻራ ተወስዶ በመዝገብ መቀመጥ ጀመረ። ተቃውሞው በመበርታቱና ቴክኒኩም አስተማማኝ ሆኖ ባለመገኘቱ፣ በ2011 መንግሥት አሻራ ማከማቸቱን አቆመ።