የሁሩታ መምህር ቁጠባና የዘመናት ሕግጋት

መምህራን ገንዘባቸውን በሥራ ላይ የማዋል ግንዛቤ ይጎድላቸዋል የሚለው አስተያየት በየሥልጠናው መክፈቻ ይሰማል። ይሁን እንጂ የቀድሞው ትውልድ መምህር ጥንቃቄ በአመዛኙ ካለማወቅ ሳይሆን ካየው ነገር የመነጨ ነው። የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሁሩታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት።

በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአሰላ ሥራውን ሲጀምር፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በአውራጃው ተሠራጨ። የመሬት ዋጋና ኪራይም አሻቀበ፤ ትራክተር ያስገቡ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ማስለቀቅ ያዙ። በዚያ የስንዴ አገር የሚኖር ደመወዝተኛ ጥቂት ጥሪት ቢይዝ በዙሪያው የሚያያቸው የሀብት መንገዶች መሬት፣ የሚከራይ ቤትና እህል ነበሩ።

ሦስቱም ተራ በተራ ተዘጉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ይዞታ ሥር ገባ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ዐዋጁ የብዙ ሕንፃ ባለቤት የሆነውን ከበርቴና ከደመወዙ እየቆጠበ አንዲት የኪራይ ቤት የሠራውን ሰው አልለየም። እርግጥ ነው፣ ተከራይ የነበረው መምህር በኪራይ ቅናሹ ተጠቅሟል፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም። የእህሉ መንገድ የተዘጋው ዘግይቶ ነው፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ከተጀመረ በኋላ በአርሲ በግል እህል ንግድ ላይ ጥብቅ ገደብ ተጣለ፤ ገደቡም የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

የቀረው ዕቁብ ነበር። 12 አባላት በየወሩ 50 ብር ቢያዋጡ፣ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ከ600 ብሩ የሌሎቹን መዋጮ ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ግን ለሁሉም አበዳሪ ሆኖ ይከርማል። የዋጋ ንረት በበረታ ዘመን የሚጎዳውም እርሱ ነው። ባንክም ቢሆን ከዚህ ጉዳት አላዳነም፤ በ2014 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር።

አዲሱ መንገድ የተከፈተው የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተፈቀደ ወዲህ ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. በ486 ባለአክሲዮኖች ተመሠረተ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅም ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ ከደመወዝ እየተቀነሰ የሚጠራቀም መዋጮ ለመምህር የሚስማማ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

አክሲዮን ገዝቶ የትርፍ ድርሻ የሚጠባበቅ መምህር ልጁ ቢታመምበት ገንዘቡን በማግስቱ ላያገኘው ይችላል። በዕቁብ ግን ችግር የደረሰበት አባል ዳኛውን አስፈቅዶ፣ ባለ ዕጣውንም ለምኖ ተራ ይቀይራል።